አባዬ ብቻ የሰማው ቋ!

እኔ ስናደድ አፌ ይቀድመኛል። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይነግርብኝ ነው። አባዬ "እዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ቶሎ ይግላል፤ አንዱ የብየዳው ማሽን ነው፣ ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ" ይለኛል። ማሽኑ እንኳ ሲያጠፉት ይበርዳል።

ብየዳ ቤቱ የአባዬ ነው። በር፣ መስኮት፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እበይዳለሁ። ያለቀውን ዕቃ ለባለቤቱ የሚያደርሰው ራሱ ነው፣ በፒክአፗ። ፒክአፗ በዕድሜ ከእኔ የምታንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። አባዬ "እመቤት" ነው የሚላት። እናቴ በሕይወት ሳለች "እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም" እያለች ትስቅበት ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኞ አባዬ ዕቃ አድርሶ ተመለሰና ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሳይሰቅል በእጁ እንደያዘ ቆመ።

"እመቤት ቋ! ትላለች" አለኝ።

"ምኗ ጋ?"

"እሱን ባውቀውማ ቋ! ትላለች እልሽ ነበር? ይኼ ተፈታ እልሽ ነበር እንጂ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ለመናገር ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ያጠፋሁትን ጥፋት መናገር አለብኝ።

አባዬ አንዲት መሮ ነበረችው። ከአሮጌ የመኪና ብረት ራሱ ቀጥቅጦ የሠራት፣ ከስንዝር ትንሽ የምትተርፍ፣ አናቷ ከመዶሻ ብዛት የተዘረጋ መሮ ናት። "እናንተን ሁለታችሁን ያሳደገች እሷ ናት" ይለናል እኔንና ወንድሜን። ይህች መሮ ጠፋች። አባዬ "ቦታዋ ላይ ነው ያስቀመጥኳት" አለ። ቦታዋ የት እንደሆነ ብጠይቀው "ቦታዋ ነዋ!" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ብየዳ ቤቱን ሲገለብጠው ዋለ። ኤሌክትሮድ የምናስቀምጥበትን ቆርቆሮ ደፋው፣ ቁርጥራጭ ብረቱን አንድ በአንድ አነሳው፣ በመጨረሻ የእኔን ቦርሳ ከፍቶ ፈተሸ። ቦርሳዬን ሲከፍት ደሜ ፈላ። ደጅ ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩለት።

"አባትህ መርሳት ጀምሯል" አልኩት። "ዕቃ የት እንዳስቀመጠ አያውቅም፣ ከዚያ ሰው ላይ ያሳብባል። እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም።"

ንዴቴ ስልኩን ሳልዘጋ በርዶ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ለወንድሜ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ ውስጥ አምፖል ለመቀየር እንኳ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ነው። አባዬ ገና በልጅነቱ ነው "ሊቀመንበር" ብሎ ስም ያወጣለት። ሊቀመንበር በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉን አስቦ፣ ሁሉን ወስኖ ጨረሰ። አባዬ መንዳት ያቆማል፣ ቁልፉን ያስረክባል። ብየዳ ቤቱን እኔ ብቻዬን ከቻልኩ እይዘዋለሁ፣ ካልቻልኩ ይዘጋል። አባዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የሊቀመንበር ቤት ይገባል፤ በረንዳ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ምን ጎደለው!

"የሚመጣው ቅዳሜ መጥቼ እኔው እነግረዋለሁ" አለኝ። "እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ።"

እንግዲህ አባዬ "ቋ! ትላለች" ባለኝ ሰኞ፣ ለቅዳሜ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔም ልቤ ውስጥ "እባክህ ድምፁ እውነት ይሁን" እያልኩ ነበር የምለምነው። ሰው የመኪናው ብልሽት እውነት እንዲሆን ሲጸልይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸለይኩ።

ሊቀመንበር ስለ ድምፁ የሰማው ከራሱ ከአባዬ ነው፤ በስልክ ሲጫወቱ ነገረው። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ከነክራቫቱ መጣ። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ በእመቤት ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል፣ በመሃል ስልክ ተደውሎለት "አዎ፣ አዎ፣ ሪፖርቱ ውስጥ ተካቷል" እያለ ነው የሚነዳው።

"ታዲያ ሰማሽ?" አለኝ።

"ሬዲዮውን ነው የሰማሁት።"

ሬዲዮውን ዘጋና ሦስተኛ ዞረው። ቋ የለ፣ ቂ የለ። ሰፈራችን ሜዳ ነው፤ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ቢዞሩት ጠብታ አይፈስም። ሊቀመንበር መኪናዋን በራችን ላይ አቆመ።

"የሌለ ድምፅ ነው የሚሰማው" አለ። "መጀመሪያ መሮ፣ አሁን ደግሞ ድምፅ። ያ ወደ ታች ሰፈር የሚወስደው ቁልቁለት ላይ አንድ ቀን ሰው ቢገጭስ? ልጅ ቢገባበትስ? ከዚያ በኋላ እሱስ ምን ብሎ ይኖራል? እኛስ?"

አገጩ ተንቀጠቀጠ። እኔ ቱግ ልልበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አገጩን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ፈርቷል ወንድሜ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል።

ረቡዕ መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒካችን "ጆሮ" ነው የሚባለው። ካቻቢቴውን፣ ብሎን መፍቻውን፣ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግንና፣ የታመመውን ነገር በድምፅ ብቻ ለይቶ ይናገራል። በክሪክ አነሳት፣ ከሥሯ ገብቶ ተኛ፣ ጎማውን ነቀነቀ፣ አሞርዛተሩን መታ፣ ባሌስትራውን በብረት አንስቶ ጣለ። ከዚያ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀኝ።

"ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር ሠራችሁባት?"

"ምንም። ከኋላ ካሶኒው ላይ ረጃጅም ብረት የምንጭንበት መደገፊያ ሠርቼላታለሁ፣ እሱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ተወው፤ የእኔ ብየዳ ነው።"

ጆሮ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። መኪናዋ እንዳለች ተወዛወዘች እንጂ መደገፊያው ንቅንቅ አላለም። ደረቴን ነፋሁ። እንዲያውም "አላልኩህም?" አልኩት። ከዚያ መኪናዋን እየነዳ የጋራዡን ግቢና ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት አምስት ጊዜ ያህል ተመላለሰበት።

"እህቴ" አለኝ በመጨረሻ፣ "ይህች መኪና ከእኔም ከአንቺም ትሻላለች። ለጋሼ ምን ልበላቸው?"

"እኔ እነግረዋለሁ" አልኩ፤ ግን አልነገርኩትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን አጥፍቼ ዞር ስል አባዬ የለም። ደጅ ወጣሁ። እመቤት ውስጥ፣ መሪው ጋ ተቀምጧል። ሞተሩ አልተነሳም። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፣ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። በሩን ከፍቼ አጠገቡ ገባሁ።

"ጆሮ ምን አለ?" አለኝ ሳይዞር።

"ምንም አላገኘም።"

"ሊቀመንበርስ?"

"እሱማ ዜና ነው የሰማው።"

አልሳቀም። "ልጄ" አለኝ፣ "ድምፁ ከሌለ የለም በይኝ። አታባብይኝ። ድምፁ ከሌለ የተበላሸችው እመቤት አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"አባዬ ደግሞ..."

"ቆይ አስጨርሽኝ። ትናንት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እዚህ መንገድ ላይ የሠራኋቸውን በሮች ከላይ እስከ ታች ጠራኋቸው። የማን በር እንደሆነ፣ ስንት ማጠፊያ እንዳለው፣ ምን ቀለም እንደቀባሁት። አንድ አልዘለልኩም። በኋላ ግን አሰብኩት፤ የሚረሳ ሰው የረሳውን መች ያውቀዋል? የዘለልኩት ቢኖርስ በምን አውቀዋለሁ?"

ያን ስልክ የደወልኩበትን ሰዓት ረገምኩት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው "መርሳት ጀምሯል" ያልኩት። ልነግረው ፈለግሁ፣ አፌ ግን ያን ዕለት፣ በሚያስፈልግበት ዕለት፣ አልቀድም አለኝ።

"ነገ የታች ሰፈሯን ዳቦ ቤት ፍርግርግ የምታደርሰው አንተ አይደለህ?" አልኩት። "አብሬህ እሄዳለሁ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አዳምጣለሁ።"

"ብየዳውስ?"

"ብየዳው እግር የለው፣ የት ይሄዳል?"

አርብ ጠዋት ፍርግርጉን ጫንንና ተነሳን። አባዬ ሲነዳ ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም። "መኪና ስታወራሽ በሰው ወሬ አታቋርጫት" ይላል። መስኮቱን ሁልጊዜ ዝቅ ያደርገዋል፣ ብርድም ቢሆን። በሜዳው ሰፈራችን እንደተለመደው ጸጥታ ነው። እኔ እጄን ጭኔ ላይ ጨምቄ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። አባዬ ለአንዲት አሮጊት ቆሞ አሳለፋት። ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ያለ ብስክሌት ነጂ እኔ ሳላየው እሱ አይቶት ፍጥነቱን ቀንሷል። ይኼን ሰውዬ ነው ቁልፍ ልንቀማው ያሰብነው አልኩ በልቤ። ግን ድምፁ ከሌለ ምን ልላቸው ነው?

መንገዱ ወደ ታች ሰፈር መውረድ ሲጀምር አባዬ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየረ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ያዝ አደረገ።

ቋ!

ከኋላችን ነው የመጣው። የደነዘ፣ ከባድ፣ ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማ ድምፅ። ሰማሁት! እውነተኛ፣ ወፍራም ቋ ነው!

"ሰማሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰማሁ አባዬ! ሰማሁት!"

አባዬ መንገድ ዳር አውጥቶ አቆማትና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። "ምን ሰማሽ?" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቋ! አለች!"

"ከየት በኩል?"

"ከኋላ። ጆሮዬ ሥር ማለት ነው።"

"አዎ" አለ። "አዎ፣ ከኋላ ነው።" ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እያለቀሰ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት፤ ለካ እየሳቀ ነው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። መኪናችን ተበላሽታ እንዲህ ደስ ያለን ሰዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ፍርግርጉን ለዳቦ ቤቷ አስረክበን ስንመለስ፣ ዳገቱን እየወጣን እንደገና ቋ! አለ፤ አሁን ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ከመኪናዋ ጭራ በኩል። ዞረን ወረድን፤ ቋ! ወጣን፤ ቋ! ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ያኔ ገባኝ። አባዬ ብቻ ነው ይህን ቁልቁለት የሚነዳው። ሊቀመንበር፣ ጆሮ፣ እኔ፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ ስንዞር የሰነበትነው ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው። ለአራተኛ ጊዜ ስንወርድ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ወንበሩን ትቶ መጣና በመስኮቱ አጎነበሰ።

"አባቴ፣ የጠፋባችሁ ነገር አለ?"

"ነበረ" አልኩት እኔ። "አግኝተነዋል!"

ቤት እንደገባን ለሊቀመንበር ደወልኩ። "ሰማሁት፣ በጆሮዬ ሰማሁት!" አልኩት። "አንቺ አዝነሽለት ነው" አለኝ። "ስታዝኚ ያልሰማሽውን ትሰሚያለሽ። ድምፁ ካለ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን አሳዩኝ። ነገ ረፋድ ላይ የአባዬን ዕቃ የምንከትበት ካርቶን ይዤ እመጣለሁ።" ምክንያቱን አሳዩኝ! ሪፖርት ላይ ሊያስገባው ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ በማለዳ ጆሮን ከቤቱ አስነስቼ አመጣሁት። "በሞቴ፣ ዛሬ ካልደረስክልኝ መቼም አትደርስልኝም" አልኩት። ነገሩን ሲሰማ ካሶኒው ውስጥ ወጣና ጀርባው ላይ ተንጋለለ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደገነ። "ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይንዱልኝ እንጂ ገና ልጆች አሉኝ" አለ። አባዬ ነዳ። ወረድን፣ ወጣን። በመንገድ ያለፍነው ሰው ሁሉ ካሶኒው ውስጥ ተጋድሞ ካቻቢቴ የሚያዳምጥ ሰው እያየ አፉን ይይዝ ነበር። ዳገቱን ለሁለተኛ ጊዜ ወጥተን በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤታችን ገባን።

በራችን ላይ ሊቀመንበር ቆሟል። የታጠፉ ካርቶኖች ግድግዳው ላይ አስደግፏል።

ጆሮ መኪናዋ ሳትቆም ነው የዘለለው። "ከታች አይደለም!" አለ። "ከላይ ነው! ከመደገፊያው ነው፣ በግራ በኩል ካለው ከረጅሙ ብረት!"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"የእኔ ብየዳ..." ብዬ ጀመርኩ። ልቆጣ ነበር። ግን ያን ጊዜ መሮዋን አየኋት። በዓይኔ ማለቴ አይደለም፣ በሐሳቤ ነው። አባዬ ሲሠራ መሮዋን መሬት ላይ አያስቀምጥም፤ ድሮ አንድ ጊዜ ረግጧት ጫማውን በስታ ገብታለች። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የሚሠራበት ብረት ባዶ አፍ ካለው፣ እዚያ አፉ ውስጥ ነው የሚሰካት። ስትፈለግ ከዚያው ይመዛታል። ቦታዋ እሱ ነው። ቋሚ መደርደሪያ የላትም፤ ቦታዋ ከሥራው ጋር ይሄዳል። ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከማየቴ ብዛት አላየውም።

መደገፊያውን የሠራሁት ደግሞ መሮዋ በጠፋች ዋዜማ፣ አባዬ ከቆረጠልኝ ቱቦላሬ ነው፣ ውስጡ ባዶ ከሆነው አራት ማዕዘን ብረት። ዝናብ እንዳይገባበት ሁለቱን ጫፍ በክዳን በይጄ ደፈንኩት። አባዬ ሥራ ያስተማረኝ ዕለት የነገረኝ የመጀመሪያው ሕግ "ከመዝጋትሽ በፊት በዓይንሽ እዪ" ነው። መደገፊያውን በዘጋሁ ቀን ግን አንድ ደንበኛ በስልክ አናዶኝ ነበር፤ እየተናደድኩ ዘጋሁ። አላየሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

ፊቴ ጋለ። ወደ አባዬ ዞር ስል እሱ የብረቱን ጫፍ እያየ ነው። ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል፤ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

መቁረጫ ማሽኑን ከውስጥ ይዤ ወጣሁና የፊተኛውን ክዳን መቁረጥ ያዝኩ። ብልጭታው ሊቀመንበርን ከነክራቫቱ ወደ ኋላ አስፈነጠረው። ክዳኑ ወደቀ። አጎንብሼ አየሁ፤ ጨለማ ነው። ጣቴን ሰደድኩ፤ ባዶ ነው።

ሊቀመንበር "በቃ፣ እህቴ..." ብሎ ጀመረ፣ በዚያ በሐዘን ቤት ድምፁ።

"ምነው ብትጠይቂኝ!" አለ አባዬ። "አሁን ከየት ነው የመጣነው? ሽቅብ ወጥተን አይደለም? ሽቅብ ሲወጣ ያልታሰረ ነገር ወዴት ይንሸራተታል? ወደ ኋላ! ከዚያ ወዲህ በሜዳ ነው የመጣነው። እና የፊተኛውን ምን አስቆረጠሽ?"

ሊቀመንበር አባዬን አየው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው።

የኋላውን ቆረጥኩ። ክዳኑ ሲወድቅ ጆሮ እጁን ሊሰድ ተንደረደረ፤ አባዬ ክንዱን ያዘው። "ቆይ፣ ይብረድ" አለ። እንግዲህ አራት ሰው አንድ የብረት ጫፍ እስኪበርድ ከቦ ቆመ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ጊዜ አላውቅም። በመጨረሻ አባዬ ብረቱን በጣቱ ነካ አደረገና ሁለት ጣቱን አስገብቶ ቀስ ብሎ ሳበ። መጀመሪያ ያ የተዘረጋ አናቷ ብቅ አለ፤ ከዚያ መሮዋ ሙሉዋን ወጣች።

"ቦታዋ ላይ ነው ያስቀመጥኳት" አለ አባዬ። ጮክ አላለም። ለራሱ ነበር የነገረው።

እፎይ! ማሽኑን መሬት አስቀምጬ እዚያው ቁጭ አልኩ። ጆሮ ያጨበጭባል። ሊቀመንበር ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጦ በክራቫቱ ዓይኑን ይጠርጋል።

"ፈርቼ ነበር አባዬ" አለ። "በጣም ነው የፈራሁት።"

"አውቃለሁ" አለ አባዬ። "ካርቶኑ ለምን እንደመጣም አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ግን የታሸገ ብረት ውስጥ ያለች መሮ የሚሰማ ሰው የእናንተን ሹክሹክታ የማይሰማ መሰላችሁ?"

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያውቅ ነበር። ስለ ቅዳሜ እያወቀ ነው ዕቃ ሲያደርስ የነበረው፤ እያወቀ ነው ሐሙስ ዕለት "አታባብይኝ" ያለኝ። ከዚህ በላይ መዋጥ አልቻልኩም።

"የደወልኩለት እኔ ነኝ" አልኩት። "መርሳት ጀምሯል ያልኩት እኔ ነኝ። መሮዋንም የደፈንኩባት እኔው ነኝ። ሁሉም የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ አባዬ።"

መሮዋን በሱሪው ወለወላት።

"ቦርሳሽን ከፍቻለሁ" አለኝ። "የገዛ ልጄን ቦርሳ። እኔም ይቅር በይኝ። እኩል ነን።"

"እኩል አይደለንም።"

"አትከራከሪኝ። ይልቅ ተነሺ፤ እመቤት አፏን ከፍታ ልትቀር ነው?"

ሊቀመንበር ተነሳና ቁልፉን ከመኪናዋ ነቅሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ አንድ አፍታ ደንገጥ አልኩ። ሚስማሩ ላይ ሰቅሎት ተመለሰ። ካርቶኖቹን ሲያነሳ አባዬ "እነሱን ተዋቸው፣ ለቁርጥራጭ ብረት ይሆኑናል" አለው። ጆሮ ከት ብሎ ሳቀ። ሊቀመንበርም፣ ዓይኑ እንደቀላ፣ ሳቀ።

ሁለት አዲስ ክዳን ቆረጥኩና ኤሌክትሮዱን ጨበጥኩ። የዓይን መከላከያውን ላወርድ ስል አባዬ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ በመሮዋ ብረቱን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው።

"ከመዝጋትሽ በፊት?" አለ።

አጎነበስኩና ዓይኔን ብረቱ አፍ ላይ አደረግሁ። በዚያ ረጅም ጨለማ መጨረሻ ትንሽ ብርሃን አለ፣ ብርሃኑ ውስጥ የአባዬ ዓይን አለ፤ ያየኛል።

"ምን ይታይሻል?"

"አንተ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለም።"

"በይ ዝጊው" አለኝ።